ከጉራ በፊት ጎማ ይነፋ

ኦሎምፒያ ላይ ስለ ኃይል ቁጠባ መናገር የፈለገ ሰው ቆዳውን አወፍሮ ይምጣ። በደምበልና በወሎ ሰፈር መሀል ተቀምጦ ወደ ቦሌ የሚሄደውንም ከቦሌ የሚመጣውንም ሲታዘብ የኖረ ሰፈር ነው። ምላሱ ከመብራቱ ይልቅ አስተማማኝ ነው፤ አይቆራረጥም።

ሰሞኑን ደግሞ ይህን ምላስ የሚያሾል ጉዳይ ተገኝቷል። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ኮሌጅ፣ ስሙ ይቆየንና፣ «አረንጓዴ ሳምንት» ብሎ በሩ ላይ ባነር ሰቀለ። ባነሩ ፕላስቲክ ነው።

«አባባ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ይሄ ባነር ምን ይሆናል?» አልኳቸው ጥበቃውን።

«የጥበቃ ቤቱን ጣሪያ አለብስበታለሁ።»

«አምናም እንደዚሁ አደረጉ?»

«ታዲያስ! ኮሌጁ መልሶ መጠቀምን ያስተምራል፣ እኔ መልሼ እጠቀማለሁ። ሥራ ተከፋፍለናል።»

የሳምንቱ አጀንዳ ሦስት ነው፤ መብራት መቆጠብ፣ ሳይክልና ችግኝ። ችግኙን ለክረምት እናቆየው፤ ክረምት ሲገባ ካሜራ ያለበት ሁሉ ይተክላል። ጨዋታው ያለው ሁለቱ ላይ ነው።

ስትሄዱ መብራት አጥፉ

በየማብሪያ ማጥፊያው ላይ «ስትሄዱ መብራት አጥፉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከአንደኛው ሥር አንድ ተማሪ በእስክሪብቶ ጨምሮበታል፦ «እሱስ ሲሄድ መቼ ይነግረናል?»

የኤሌክትሪክ መምህሩ አነበበውና አልተቆጣም። ወረቀቱን ነቅሎ ክፍል ይዞት ገባ። «የዚህ ጽሑፍ ባለቤት ይነሣ፤ ማርክ እሰጠዋለሁ» አለ። ማርክ የሚባል ነገር ሲጠራ ባለቤት አይጠፋም፤ አራት ተማሪ ተነሣ።

«ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርህ» አለ ከአራቱ ደፋሩ። «ግድቡ ተመርቋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እኔም አጨብጭቤያለሁ። 5,150 ሜጋዋት! እናቴ ቦንድ ገዝታ እኔ አምፖል ልቆጥብ?»

«ግድቡ ጉባ ነው፤ ፊውዙ ኦሎምፒያ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩ ግን ቀልዱን ወደ ትምህርት ይዞት ገባ። ከጉባ የተነሣ ኃይል እዚህ የሚደርሰው በከፍተኛ መስመር መጥቶ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ፣ ከዚያ በሰፈር ትራንስፎርመርና በየምሰሶው ሽቦ ተንጠልጥሎ ነው። ምንጩ ቢሞላም መንገዱ ጠባብ ከሆነ ማታ ማታ ይጨናነቃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሁሉም ቤት ገብቶ ሁሉንም ነገር ሶኬት ላይ ሲሰካ፣ የሚንገዳገደው ግድቡ አይደለም፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው።

«ስለዚህ የቆጠብኩት ለማን ነው?»

«ለራስህ ማታ።»

«ቲቸር፣ እኛ እኮ ቆጥበን እናውቃለን። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግቤ 3 ውኃ ቀነሰ ተብሎ፣ 476 ሜጋዋት ጎደለ ተብሎ አገሩ በሙሉ በፈረቃ ነበር። ያኔ ስንት ቆጠብኩ!»

«ያኔ አልቆጠብክም፤ ተቆጠበብህ።»

ይህቺን መልስ አገሩ ሁሉ ግድግዳው ላይ ቢለጥፋት እወዳለሁ። የሚቆጥብና የሚቆጠብበት ሰው በጨለማ ሲታዩ አንድ ናቸው። በነፍስ ወከፍ በዓመት 100 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚጠቀም፣ ግማሽ ያህሉ ሕዝቡ ደግሞ ገና መስመር ያልደረሰው አገር ላይ ቆሞ «ፍጆታችሁን ቀንሱ» ማለት፣ ጾመኛ ፊት ስለ ውፍረት መስበክ ነው።

መብራት ኃይል ራሱ ይህ የገባው ዘመን ነበር። ከዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት ቢጫውን አምፖል ተቀብሎ ነጩን ቆጣቢ አምፖል ሲሰጥ፣ በመላ አገሪቱ የተለወጠው አምፖል በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር። ስብከት አልነበረውም፤ ቢጫውን አምጡ፣ ነጩን ውሰዱ፣ አለቀ። አያቴ እንኳን ስለ አካባቢ ጥበቃ አንድ ቃል ሳትሰማ ቆጣቢ ሆና አደረች። የተሰጣት መሣሪያ እንጂ ምክር አልነበረም። ምክር ቢሆንማ እሷም ነበራት፤ ለመብራት ኃይል ጭምር የሚተርፍ።

ቆጣሪው የሚቆጥረው

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ማስታወሻ ይዘው ግቢውን ዞሩ። አምፖል ቆጠሩ። መማሪያ ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ኮሪደር፣ ሽንት ቤት ሳይቀር። መጨረሻ ላይ የካፌው ማድ ቤት ሲደርሱ ወጥ ቤቷ እትዬ ምጣድ ላይ ናቸው። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስ አደረጉ፣ ሊጡን ከዳር ጀምረው እያዞሩ መሀል ላይ ጨረሱ፣ ዓይኑ ፈጠጥ ፈጠጥ ሲል አክንባሎውን ከደኑ። ቀና ያሉት ከዚያ በኋላ ነው።

«እትዬ፣ እዚህ ስንት አምፖል አለ?»

«አንድ። እሱም ተቃጥሏል።»

«ጥሩ ነው፣ ማድ ቤቱ ቆጣቢ ነው» ብሎ ልጁ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያነሣ፣

«ቆይማ የኔ ልጅ» አሉት። «እናንተ የምትቆጥሩት አምፖል ነው፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው የኔን ምጣድ ነው።»

ሒሳቡን እንሥራው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 3,600 ዋት እንበለው። ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ቢጋገርበት 3.6 ኪሎዋት ሰዓት በላ። በዚያው ኃይል አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 400 ሰዓት ይበራል፤ ሌት ተቀን ሳይጠፋ ከ16 ቀን በላይ። አባቶች «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ብለው ነበር። ክበቡ ገልብጦት አይጧን እያሳደደ ምጣዱን አሳለፈው።

«ታዲያ እትዬ፣ እንጀራ እንተው?» አለች አንዷ ደንግጣ።

«እንጀራ ከተዋችሁ የቆጠባችሁት መብራት ሳይሆን እኔን ነው።»

«እና ምን ይሻላል?»

እትዬ ያለ ፓወርፖይንት አስተማሯቸው። ምጣድ የሚበላው ሲጠብቅ ነው። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ እስኪግል ጊዜ ይፈልጋል፤ ያ ጊዜ ኃይል እንጂ እንጀራ የለውም። ሊጡ ሳይደርስ ምጣድ የሚያግል ሰው ቆጣሪ ይጋግራል። ጠዋት ጥቂት ጋግሮ አጥፍቶ፣ ከሰዓት እንደገና ማጋል ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። አንዴ ከጋለ ደግሞ ሊጡ እስኪያልቅ ድረስ ማከታተል፣ አክንባሎውን ከፍቶ ወሬ አለማውራት፣ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳያመልጥ የምጣዱን ሆድ ማልበስ። «እኔ ይሄን ስናገር ሽሮ ቤት ያለች ሴት ታወራለች ይባላል» አሉ። «አንተ በእንግሊዝኛ ብትለው ዲግሪ ይሰጡሃል።»

«እትዬ፣ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በፀሐይ ሙቀት እንጀራ የመጋገር ምርምር ሠርቷል እኮ።»

«ይበል! ከፀሐዩ በፊት ግን ዓይኑን አሳዩኝ።»

ልጆቹ መሄድ ሲጀምሩ እትዬ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ የሳምንቱ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነበር፣ ማንም ግን ማስታወሻ ላይ አላሰፈረውም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የሚሰላው በደረጃ ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ፍጆታው ሲጨምር ዋጋውም ደረጃ ይወጣል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተደርጓል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል፣ ድሃው ይዳን። እትዬ የሚኖሩበት ግቢ ግን አምስት ቤት አንድ ቆጣሪ ነው የሚጋራው። አምስቱም ቤት ለየብቻው ቢለካ ታችኛው ደረጃ ላይ ይቀር ነበር። ተደምረው ግን ላይኛው ደረጃ ላይ ይወጣሉ።

«ለቆጣሪው» አሉ እትዬ፣ «አምስት ድሃ ሲደመር አንድ ሀብታም ነው።»

ይህን የሚመልስ ተረበኛ እስካሁን አልተገኘም። የሚመልሰው ቆጣሪ ብቻ ነው፤ ለየቤቱ አንድ አንድ።

መንገድ ለሰው፣ ሌላው ቀንስ?

ሁለተኛው አጀንዳ ሳይክል ነው። እዚህ ላይ ኦሎምፒያ የሚያወራበት መብት አለው። የቦሌ መንገድ በኮሪደር ልማቱ ሲታደስ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ለሳይክልም የራሱ መስመር ተለይቶለታል። ነገሩ ድንገት የወረደ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ መኪና እየተከለከለ ሕዝብ አስፋልት ላይ ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ሳይክል ሲነዳ አይተናል። ከዚህም ሌላ ከለቡ ወደ ጀሞ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሙከራ የሳይክል መስመር ተሠርቷል። ከተማዋ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ብላ ባወጣችው የአሥር ዓመት ስትራቴጂም 200 ኪሎ ሜትር የሳይክል መስመር ታቅዷል።

«መንገድ ለሰው» ሲጀመር አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ጠይቀው ነበር፦ «ሌላው ቀን ለማን ነበር?»

መልሱን በየቀኑ እናየዋለን። ከአዲስ አበባ ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው የሚሄደው። ማለትም «ዘላቂ ትራንስፖርት» የሚባለውን ነገር የዚህች ከተማ አብዛኛው ነዋሪ በጫማው ጨርሶታል። ከጎተራ ኦሎምፒያ ድረስ በእግሩ የሚመላለስ አንድ ወዳጄን ክበቡ ቃለ መጠይቅ አድርጎለት ነበር።

«የእርስዎ የካርቦን ልቀት ዜሮ ነው! ምን ይሰማዎታል?»

«ኪሴም ዜሮ ነው፤ አብሮ ይመዝገብልኝ።»

ከዚያ ባለ ኤሌክትሪክ መኪናው መጣ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና አይገባም ብላ ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች፤ የቦሌ መንገድም ድምፅ በሌላቸው መኪኖች ተሞልቷል። ሰውየው የሳይክሉን መስመር ረግጦ ቆሞ ስልኩን ያወራል። አንዲት ተማሪ ሳይክሏን አቁማ መስኮቱን አንኳኳች።

«ወንድሜ፣ መስመሩን ልቀቅልኝ።»

«እህቴ፣ የኔም እኮ አረንጓዴ ናት። ጭስ የላትም።»

«ጭስ ባይኖራትም ስፋት አላት።»

ለቀቀላት። ትንሽ እንደነዳች ደግሞ የጀበና ቡና የሚጠጡ ጎረምሶች ጠበቋት። «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ!» አለ አንዱ ለሰው እንዲሰማ። ፍሬን ሳትይዝ መለሰችለት፦ «ታዲያ ሳይክሉ እኔ ላይ ይውጣ?» ቡናው ትን አለው። አጠገቡ ያለችው ቡና አፍይ «ሒሳብህን ከፍለህ ሙት» አለችው።

ታክሲውም ቢሆን አልቀረበትም። መንገዱ ተዘግቶ ሚኒባሱ እንደቆመ፣ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ሳይክል የሚነዳውን ልጅ ጠራው፦ «ና ግባ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን፣ ሞልተን እንሂድ!»

«መሙላቱን ትሞላለህ፤ መሄዱን ማን አየው?»

ዳገት የሚያነሣ ተከራካሪም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሳንባ የሚፈትን ከተማ ናት። «ከስድስት ኪሎ ኦሎምፒያ ቁልቁል ነው፣ እሺ። ሲመለስስ?» አለኝ አንዱ፣ ክርክሩን የጨረሰ መስሎት።

«ሲመለስ ይገፋል። መኪናም ነዳጅ ሲያልቅ ይገፋል። ልዩነቱ፣ ሳይክል ስትገፋ ሰው አትለምንም።»

ከባሕር ዳር የመጣች ተማሪ ይህን ሁሉ ክርክር በትዕግሥት አዳመጠች። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ነጋዴው ሳይክል ላይ ያደገባት ከተማ ናት። «እናንተ ሳይክል ለመንዳት መጀመሪያ ስብሰባ ትቀመጣላችሁ» አለች። «እኛ ጋ ስብሰባ የሚኬደው በሳይክል ነው።»

አየሩስ ተፈቅዷል?

ወደ ጎሚስታው እንምጣ። የሰፈሩ የተረብ ዳኛ እሱ ነው። ዕቃው ሁሉ አንድ ጣውላ ሳጥን ውስጥ ያልቃል፤ መንፊያ፣ የጎማ ማውለቂያ ብረት፣ ጥቂት ቁልፎች፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማስቲሽ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጡ ልጣፊዎች፣ ውኃ የያዘ ሳፋ። ሥራውን ቁጭ ብሎ ማየት ያጠግባል። ጎማውን ከቸርኬው ያላቅቅና ካላማዳሪያውን መንጭቆ ያወጣል። ነፋ ያደርገውና ሳፋው ውስጥ እየነከረ ያዞረዋል። አረፋ ቡልቅ ያለበት ቦታ ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፋል። ያደርቀዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፣ ማስቲሹን ቀብቶ ይጠብቃል። መጠበቁ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ማስቲሹ ሳይደርቅ የለጠፈ ነገ ይመለሳል። ከዚያ ልጣፊውን ጫን፣ በመዶሻ እጀታ ጠቅ ጠቅ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከመብራት ኃይል የተበደረው ምንም የለም።

የክበቡ ልጆች ወረቀት ታቅፈው መጡ። «ጋሼ፣ ኮሌጃችን ውስጥ ተማሪው ሁሉ የሚጠቀምበት የሳይክል መጠገኛ ልንከፍት ነው። ፕሮፖዛል ጽፈናል፣ አስተያየት ይስጡን።»

ጎሚስታው እጁን በጨርቅ ጠረገና ገለጠው። አርማው አለ። ቲሸርቱ አለ። የመክፈቻው ቀን መስተንግዶ አለ፤ ቆሎና ለስላሳ ተለይቶ ተጽፏል። የፎቶ ባለሙያም አለ።

«መንፊያው የት ገጽ ላይ ነው?»

ልጆቹ ተያዩ። «ጋሼ… እሱ በሁለተኛው ዙር ነው። በጀቱ ገና አልተፈቀደም።»

«አየሩስ ተፈቅዷል?»

አንዱ ልጅ ለማስረዳት ሞከረ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ሐሳብ ነው። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ዴቪስ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ፤ እዚያ ተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የራሳቸው የሳይክል ጋራዥ አላቸው።»

«ሲከፍቱት መንፊያ ነበራቸው?»

«ይኖራቸዋል መሰለኝ።»

«እንግዲያው ከኛ የቀደሙን በመንፊያ ነው።»

ልጆቹን ከአፉ ላስጥል ብዬ እኔ ገባሁ። «አንተ ደግሞ ይበቃሃል። ልጆቹ እኮ ጥሩ ነው ያሰቡት። ሆላንዶች ሳይክል የለመዱት እንዲህ ተደራጅተው ነው።»

«ሆላንድ?» አለና ሳቀ። «የሆላንዱን እኔ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዓረቦቹ ነዳጅ ሲቆልፉባቸው፣ እሑድ እሑድ መኪና አይነዳም ተባለ። ሕዝቡ ሳይክሉን እያወጣ አውራ ጎዳናው ላይ ፈሰሰ። ያው የነዳጅ ጣጣ እኛም ጋ መጣ። የካቲት 1966 ቤንዚን 50 በመቶ ጨመረ፣ ባለ ታክሲዎች አድማ መቱ። በአንድ ነዳጅ እነሱ ሳይክል ላይ ወጡ፣ እኛ አብዮት ላይ።»

«ሳይክል ስላልነበረን ነዋ!»

«ማን ነው ያለህ? ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ነው። ያኔ ከሯጮቹ ጋር ሳይክለኞች አብረው ሄደዋል፤ እነ ገረመው ደንቦባ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት! ከዚያ ወዲህ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የኛ ሰው እስኪታይ፣ ጽጋቡ ግርማይ እስኪመጣ፣ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ጠበቅን። ሳይክሉ ነበር፤ የሚጠግነው ነው ያነሰው።»

ከቀልዱ ሥር ያለው ነገር ይኸው ነው፣ እኔም እዚህ ላይ ከጎሚስታው ጋር ነኝ። ሳይክል ገዝቶ የተወ ሰው ከጠየቃችሁ ዳገት አይላችሁም፤ መኪናም አይላችሁም። ጎማው ተንፍሶ ቆመ ይላችኋል። ሰንሰለቱ ወለቀ፣ ፍሬኑ ላላ፣ መለዋወጫው ጠፋ ይላችኋል። መስመር ተሠርቶ ሳይክሉ በረንዳ ላይ የሚዝገው፣ በመስመሩና በበረንዳው መሀል አንዲት ቁልፍ ስለጎደለች ነው። ያችን ቁልፍ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ይግዛ ማለት ሞኝነት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ መንፊያ፣ አንድ ሳጥን ቁልፍ፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት የሚመጣ አንድ እጁ የበሰለ ሰው። ተማሪው ሳይክሉን ጥሎ አይሄድም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ራሱ ይጠግናል፣ ባለሙያው እያየ «አይደለም፣ አዙረው» ይለዋል። የጋራ የሳይክል ጋራዥ የሚባለው ይኸው ነው፤ በዓለም ላይ ያሉትም በዚሁ ነው የሚሠሩት።

ዲኑ ቢሮ

ልጆቹ ፕሮፖዛሉን አሳጥረው፣ ቆሎና ለስላሳውን አውጥተው፣ ጎሚስታውን ይዘው ዲኑ ቢሮ ገቡ። እኔም እንደ ጎረቤት ተከትዬ ገባሁ። ዲኑ ሰው አክባሪ ናቸው፤ ወንበር አሳዩን፣ ወረቀቱን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ባለሙያው…» ብለው ጎሚስታውን አዩት። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በምን ነው የተመረቁት?»

«ዶክተር፣ እኔን የመረቀኝ የተጠገነለት ሰው ሁሉ ነው። ‹እጅህ ይባረክ› ያላለኝ የለም።»

ዲኑ ፈገግ አሉ፤ ግን ደንብ ደንብ ነው። «ያለ ማስረጃ ክፍያ ለመፈጸም ፋይናንስ ያስቸግረናል።»

ይሄኔ ያቺ የሳይክል መስመር ያስለቀቀችው ተማሪ ጣልቃ ገባች። «ዶክተር፣ ባለፈው የእርስዎ መኪና ጎማ ግቢ በር ላይ ሲተነፍስ ማን ጋ ነው የደወሉት?»

«ለእሳቸው።»

«ማስረጃ ጠየቋቸው?»

ዲኑ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ከግቢው ጀርባ ያለችው መጋዘን ባዶ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «አሮጌ ወንበር ነው ያለባት።»

«ወንበሩም ይጠገናል» አለ ጎሚስታው።

«መብራት ያስፈልጋል?»

«በር ካላት ከሰዓት በቂ ብርሃን ይገባል። ማታ አንሠራም።»

«መንፊያ?»

«እሱን ይግዙ። ያለሱ ሁላችንም ሰልፈኛ ነን።»

ዲኑ ጻፉ። እንደ አስተዳዳሪ ደግሞ የመጨረሻዋ ጥያቄ አልቀረችም፤ የማትቀር ጥያቄ ናት። «እሺ፣ ውጤታማነቱን በምን እንለካዋለን? ቦርዱ አመላካች ይፈልጋል። የተጠገነ ሳይክል ብዛት እንበል? የተቀነሰ ካርቦን እንበል?»

ጎሚስታው ለመውጣት ተነሥቶ ነበር። በሩን ይዞ ዞረ።

«ዶክተር፣ እኔን ደንበኛ ያጣሁ ቀን ይጠይቁኝ። የዚህ ግቢ ልጅ አንድም ሳይክል ወደኔ ይዞ ሳይመጣ አንድ ወር ካለፈ፣ ያኔ ሁሉም ራሱ መጠገን ችሏል ማለት ነው። ሪፖርቱን ያን ቀን ይጻፉ።»

«ያን ጊዜ እርስዎስ ምን ይሠራሉ?»

«ምን ገዶኝ! የአስተማሪዎቹ መኪና አለ አይደል?»